ወርቁን ከመዋስ አንጥረኛነቱን መማር

«የሰው ወርቅ አያደምቅ» ሲሉ አባቶቻችን የተናገሩት ቃል ለሠርግና ለበዓል ጌጥ ብቻ የተነገረ አይደለም። ሰው በእጁ ያላበጀውን፥ አሠራሩንም ያላወቀውን ነገር ይዞ አደባባይ ቢወጣ ለጊዜው ያምርበት ይሆናል፤ ነገር ግን አንድ ጠያቂ በተነሣበት ሰዓት ባዶነቱ መገለጡ አይቀርም። እኔም ይህን እውነት የተማርሁት ከመጽሐፍ ሳይሆን በራሴ ላይ ከደረሰው ኀፍረት ስለ ሆነ፥ ለመጽሔታችን አንባቢዎች፥ በተለይም ሙዚቃ ለመሥራት ለሚመኙ ጓደኞቼ፥ አሳቤን ለመግለጽ ተነሣሁ።

አስቀድሜ ነገሩን ለማያውቁት ላስረዳ። ሲንቴሳይዘር የሚባለው የሙዚቃ መሣሪያ የክራር ጅማት ወይም የዋሽንት ትንፋሽ ሳያስፈልገው በኤሌክትሪክ ኀይል ድምፅን የሚፈጥር ነው። ዛሬ በኮምፒዩተር ውስጥ በፕሮግራም መልክ ስለሚገኝ፥ መሣሪያውን ለመግዛት ዐቅም የሌለን ተማሪዎች እንኳ ልንጠቀምበት እንችላለን። በእያንዳንዱም ፕሮግራም ውስጥ ባለሙያዎች አስቀድመው ያዘጋጁአቸው ብዙ ድምፆች በየስማቸው ተደርድረው ይገኛሉ፤ እነዚህም ፕሪሴት ይባላሉ። ተጠቃሚው ስሙን መርጦ ሲጫን ድምፁ ወዲያው ይመጣለታል። እንጀራው ተጋግሮ፥ ወጡ ወጥቶ፥ እጅ መታጠብ ብቻ የቀረው ማዕድ ማለት ነው።

ባለፈው ዓመት በትምህርት መዝጊያ በዓል ላይ የሚታይ አንድ ድራማ ነበር። የሚኒ ሚዲያ ክበብ አባል በመሆኔ ማጀቢያውን ሙዚቃ እንድሠራ ታዘዝሁ። እኔም ከፕሪሴቶቹ መካከል አንድ ሰፊና ለስላሳ ድምፅ መርጬ በትዝታ ቅኝት አጭር ዜማ ተጫወትሁበት። በልምምዱ ቀን የሰሙት ሁሉ አደነቁ፤ ምስጋናውንም እንደ ራሴ ገንዘብ ተቀበልሁ። ነገር ግን ድራማውን የሚያዘጋጁት መምህር ጠርተው፥ «ልጄ፥ ድምፁ መልካም ነው፤ ግን ጣትህን ካነሣህ በኋላ እየተጎተተ የእናቲቱን ንግግር ይሸፍንብናል። እባክህ ጭራውን አሳጥርልኝ» አሉኝ።

ነገሩ ሁለት ማዞሪያዎችን ዝቅ በማድረግ የሚፈጸም እንደ ነበረ ዛሬ ዐውቃለሁ። በዚያን ቀን ግን የትኞቹ እንደ ሆኑ አላወቅሁም። ባለማወቄም አፍሬ፥ «እሺ፥ መምህር» ብዬ ሌላ ፕሪሴት ፍለጋ ገባሁ። አንዱን ሳነሣ አንዱን ስጥል ከሁለት ሰዓት በላይ አለፈ፤ አንዱ ጭራው ሲያጥር ለስላሳነቱ ይጠፋል፤ ሌላው ለስላሳ ሲሆን ከፊተኛው የባሰ ይጎተታል። በመጨረሻ ሙዚቃው ከዚያ ትዕይንት እንዲወጣ ተደረገ፤ እናቲቱም ያለ ማጀቢያ ተናገረች። በዓሉ ካለፈ በኋላ አንድ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ መጥቶ፥ «ያንን ድምፅ እንዴት አድርገህ ሠራኸው?» ብሎ በቅንነት ጠየቀኝ። እውነተኛው መልስ «አልሠራሁትም፤ መረጥሁት እንጂ» የሚል ነበር። እኔ ግን ፈገግ ብዬ ዝም አልሁ። ያ ዝምታ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

ከዚያ ወዲህ ብዙ አሰብሁበት። አንዳንድ ሰዎች በዚህ ነገር የሚሰጡት ምክር «ፕሪሴትን ጨርሰህ አትንካ፤ ሁሉንም ከራስህ አፍልቅ» የሚል ነው። ሌሎች ደግሞ «ድምፅ መሥራት የፋብሪካ ጉዳይ ነው፤ አንተ ዜማህን ብቻ ተመልከት» ይላሉ። እኔ ግን በሁለቱም አልስማማም። በእኔ አስተያየት ድምፅ መሥራትን ለሚማር ሰው ከሁሉ የሚበልጠው መንገድ የተዘጋጀውን ፕሪሴት በጆሮ መርምሮ፥ ማዞሪያዎቹን ሳያዩ፥ ከባዶ እንደ ገና መሥራት ነው። ፕሪሴቱ መምህር ይሁን እንጂ ጌታ አይሁን።

ለመሆኑ ፕሪሴት ከየት መጣ? በአሜሪካ አገር ሮበርት ሙግ የተባለው መሐንዲስ ከሙዚቃ ደራሲው ከኸርበርት ዶይች ጋር በመመካከር እ.ኤ.አ. በ1964 የመጀመሪያውን ሲንቴሳይዘሩን ሲያበጅ፥ ፕሪሴት የሚባል ነገር አልነበረበትም። በ1970 የወጣው ሚኒሙግ የተባለው መሣሪያም ቢሆን ድምፅን መዝግቦ የሚያኖርበት ማኅደር አልነበረውም። ተጫዋቹ ደክሞ ያገኘው ድምፅ እንዳይጠፋበት የማዞሪያዎቹን አቀማመጥ በወረቀት ላይ ያሰፍር ነበር። ስለዚህ የሚጫወተው ሰው ሁሉ፥ ወደደም ጠላም፥ ድምፅ ሠሪ መሆን ነበረበት።

በ1978 ግን ፕሮፌት 5 የተባለው መሣሪያ 40 ድምፆችን መዝግቦ የሚይዝ ማኅደር ይዞ ወጣ። ይህ ለተጫዋቹ ታላቅ ዕረፍት ነበር። ቀጥሎም በ1983 ያማሃ ዲ ኤክስ 7 ተሸጠ። የዚህ መሣሪያ አሠራር የተመሠረተው በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ጆን ቻውኒንግ እ.ኤ.አ. በ1967 በደረሰበት ኤፍ ኤም በተባለው ዘዴ ላይ ነው። አንድ ድምፅ ሌላውን ድምፅ በከፍተኛ ፍጥነት ሲያንቀጠቅጠው አዲስ ጠባይ ያለው ድምፅ ይወለዳል። ዘዴው እጅግ ብልህ ቢሆንም መሣሪያውን አዝዞ ድምፅ ማውጣት አስቸጋሪ ስለ ነበረ፥ ብዙ ተጫዋቾች ከፋብሪካ የመጡትን ድምፆች እንዳሉ መጠቀምን መረጡ። በእነዚያ ዓመታት በተሠሩ ብዙ ዘፈኖች ውስጥ ያ አንዱ የኤሌክትሪክ ፒያኖ ድምፅ ተደጋግሞ የሚሰማው ስለዚህ ነው። መሣሪያው ማስታወስ ሲጀምር ሰው መርሳት ጀመረ። የእኔም ኀፍረት የዚሁ ታሪክ ትንሽ ቅርንጫፍ ነው።

እንግዲህ ፕሪሴትን ፈትቶ መሥራት እንዴት ነው? የደረስሁበትን ሥርዓት በተራ ላቅርብ።

አንደኛ፥ ቀላል ድምፅ መምረጥ ነው። ከእውነተኛ መሣሪያ ተቀድቶ የገባ ድምፅ ወይም እንደ ጎርፍ የሚናወጥ ትልቅ ድምፅ ለጀማሪ አይሆንም። አንድ የባስ ወይም አንድ የዋሽንት መሰል ድምፅ ይበቃል።

ሁለተኛ፥ ማዞሪያዎቹን ሳይመለከቱ መስማትና የሰሙትን በደብተር መጻፍ ነው። ቁልፉን ስጫን ድምፁ በድንገት ይነሣል ወይስ ቀስ ብሎ ያብባል? ቁልፉን ይዤ ብቆይ ይጸናል ወይስ ይከስማል? ጣቴን ሳነሣ ወዲያው ይቆማል ወይስ ይጎተታል? ብሩህ ነው ወይስ ድፍን? ብርሃኑ ከጊዜ ጋር ይለዋወጣልን? አንድ ሰው የሚዘምር ይመስላል ወይስ ብዙ ሰው? በወፍራሙና በቀጭኑ ቁልፍ ላይ ጠባዩ አንድ ነውን? እነዚህን ጥያቄዎች የመለሰ ሰው ግማሹን ሥራ ፈጽሟል።

ሦስተኛ፥ ባዶ ፕሪሴት ከፍቶ መሠረቱን መጣል ነው። መሠረቱ ኦሲሌተር የሚባለው የድምፅ ምንጭ ነው። ሳይን የተባለው ሞገድ አንድ ጥሩ ፉጨት ብቻ ነው። የመጋዝ ጥርስ የሚመስለው ሞገድ በውስጡ የመሠረቱን እጥፍ፥ ሦስት እጥፍ፥ አራት እጥፍ እያለ ሁሉንም ተከታይ ድምፆች ስለሚይዝ ሻካራና ሙሉ ነው። አራት ማዕዘን ሞገድ ግን ጎዶሎዎቹን ማለትም 3፥ 5፥ 7 እጥፎቹን ብቻ ስለሚይዝ ክፍት የሆነ፥ የክላርኔት ዓይነት ጠባይ አለው። ይህን ልዩነት ጆሮ ከለመደው በኋላ ማንም ሊያታልለው አይችልም።

አራተኛ፥ ፊልተሩን ማስተካከል ነው። ፊልተር ማለት እንደ ወንፊት ቀጫጭኑን ድምፅ የሚያስቀርና ወፍራሙን የሚያሳልፍ ክፍል ነው። ከዚያ ኤንቨሎፕ ይከተላል፤ እርሱም የድምፁን ውልደት፥ ጽናትና ሞት በጊዜ የሚመጥን ነው። አራት ክፍሎች አሉት፤ መነሣቱ፥ መውረዱ፥ መጽናቱና ጣት ከተነሣ በኋላ መጥፋቱ። በመጨረሻም ድምፁን የሚያወዛውዙና የገደል ማሚቶ የሚጨምሩ ክፍሎች ይመጣሉ።

አምስተኛ፥ የራስን ሥራ ከፕሪሴቱ ጋር እያፈራረቁ መስማት ነው። በዚህ ጊዜ የሁለቱ ጩኸት እኩል መሆን አለበት፤ ጆሮአችን ከፍ ብሎ የሚጮኸውን ሁሉ የተሻለ አድርጎ ይቆጥረዋልና። ሁሉም ካለቀ በኋላ ብቻ የፕሪሴቱን ማዞሪያዎች ተመልክቶ ስሕተትን ማረም ይገባል። ከዚያ በፊት ማየት በፈተና ላይ መልሱን ከጎረቤት መቅዳት ማለት ነው።

በዚህ ሥርዓት የጀመርሁት በዚያው ባሳፈረኝ ለስላሳ ድምፅ ነው። ሦስት ሳምንት ወሰደብኝ። ድምፁ ልክ ነፋስ እንደሚያወዛውዘው የጤፍ ማሳ ይወዛወዝ ነበርና፥ አንድ የሚያወዛውዝ ክፍል አለው ብዬ ብዙ ቀን በከንቱ ደከምሁ። ኋላ ግን አንድ ነገር አስተዋልሁ፤ ወደ ቀጭኑ ቁልፍ በወጣሁ ቁጥር ውዝዋዜው ይፈጥናል። የሚያወዛውዘው ሌላ ክፍል ቢሆን ኖሮ በሁሉም ቁልፍ ላይ ፍጥነቱ አንድ በሆነ ነበር። ምሥጢሩ ሌላ ነው፤ ሁለት ኦሲሌተሮች ጥቂት ተዛንፈው ተቃኝተዋል። አንዱ በሴኮንድ 440 ጊዜ፥ ሌላው 442 ጊዜ ቢርገበገቡ በሴኮንድ ሁለት ጊዜ ይገናኛሉ፥ ሁለት ጊዜም ይለያያሉ። አንድ ስምንት ድምፅ ወደ ላይ ሲወጡ 880 እና 884 ስለሚሆኑ ውዝዋዜው አራት ይሆናል። በፊዚክስ ክፍል ለፈተና ስል የሸመደድሁት ትምህርት በዚያች ሌሊት በጆሮዬ ውስጥ ሕይወት አገኘ።

መምህራችን አሳጥርልኝ ያሉትም ጭራ አንድ ሳይሆን ሁለት ነገር ሆኖ አገኘሁት። አንዱ የኤንቨሎፑ የመጨረሻ ክፍል ረጅም መሆኑ ነው፤ ሁለተኛው ሪቨርብ የሚባለው የአዳራሽ ማሚቶ ነው። አንዱን ብቻ ዝቅ ያደረገ ሰው «ማዞሪያው አይሠራም» ብሎ ተስፋ ይቆርጣል። ሁለቱን የለየ ግን የእናቲቱን ንግግር ሳይሸፍን ለስላሳነቱን ሊያቆይ ይችላል። ምርጫ ይህን አላስተማረኝም፤ መሥራት አስተማረኝ።

ከዚህ በኋላ ወደዚያ ታዋቂ የዲ ኤክስ 7 የኤሌክትሪክ ፒያኖ ተሻገርሁ። ዴክስድ የተባለው ነጻ ፕሮግራም የዚያን መሣሪያ አሠራር በኮምፒዩተር ውስጥ ያሳያል። ቁልፉ ሲመታ በመጀመሪያ የምትሰማው ያች የብረት ቃጭል መሰል ድምፅ እንዴት እንደምትመጣ ብዙ ፈለግሁ። ለካስ ከመሠረቱ ድምፅ 14 እጥፍ የሚፈጥን አንድ ሞገድ መሠረቱን ለአጭር ጊዜ ነክቶት ይከስማል። እጥፉ ሙሉ ቁጥር ሳይሆን፥ ለምሳሌ 1 ለ 1.4 ሲሆን ደግሞ ድምፁ ከፒያኖ ወጥቶ ወደ ደወል ይጠጋል። ሒሳብ እንዲህ ሲዘምር መስማት የሚያስደንቅ ነገር ነው።

አሁን ተቃዋሚዎቼ የሚሉትን ልመልስ። «የተሠራውን መሥራት ጊዜ ማጥፋት ነው» የሚሉ አሉ። ጊዜ እንደሚወስድ አልክድም። ነገር ግን እኔ በአንድ ቀን ከሁለት ሰዓት በላይ ፕሪሴት ፈልጌ ምንም ሳላውቅ ተነሥቻለሁ፤ በሦስት ሳምንት አንዱን ፈትቼ ግን የብዙዎቹን ጠባይ ዐወቅሁ። ሁለተኛውን በአምስት ቀን፥ ሦስተኛውን በሁለት ቀን ጨረስሁ። «ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ማለት ይህ ነው።

«መቅዳት ፈጠራን ይገድላል» የሚሉም አሉ። ለዚህ መልስ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። የቅኔ ቤትን ሥርዓት እንመልከት። ተማሪው የመምህሩን ቅኔ ሰሙንና ወርቁን ለይቶ ይፈታል፤ ከሁለት ቤት ከምትቆመው ከጉባኤ ቃና ጀምሮ እየቆጠረ ወደ ረጃጅሞቹ ይወጣል፤ መምህሩም ያርመዋል። በሌላው ሰው ቅኔ ተመስሎ የተማረው ያ ተማሪ ግን በማኅሌት ላይ ሲቆም የሌላውን ደግሞ አይዘርፍም፤ ለዕለቱ የሚሆነውን አዲስ ቅኔ ከራሱ ያወጣል። ስለዚህ መቅዳት ፈጠራን የሚገድለው ሳይፈቱ ሲቀዱ ነው። ፈትቶ የቀዳ የሌላውን ሥራ ሳይሆን የአሠራሩን መንገድ ወሰደ። እርግጥ ነው፥ ከሌላው ፕሪሴት አስመስሎ የሠራውን «የእኔ ነው» ብሎ የሚያወጣ ሰው ሐቀኛ አይደለም። የመለማመጃው ሥራ በደብተር ላይ እንደ ተሠራ የሒሳብ ጥያቄ በቤት ይቀመጥ።

«ታላላቆቹስ በተዘጋጀ መሣሪያ አልተጫወቱምን?» የሚል ጥያቄም ይነሣል። ተጫውተዋል። የዋልያስ ባንዱ ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1985 ባሳተመው ካሴት ላይ ከአኮርዲዮኑ ጋር ሲንቴሳይዘርንና የምት መሣሪያን አዋሕዶ የአገራችንን ዜማዎች ተጫውቷል። መሣሪያው ፋብሪካ የሠራው ነው፤ የሚሰማው ግን የእኛ ዜማ ነው። እኔ የምከራከረው ከመሣሪያው ጋር አይደለም። መሣሪያው የዐዋቂ እጅና ጆሮ ሲያገኝ ያገለግላል፤ ካላገኘ ግን ተጫዋቹ የመሣሪያው አገልጋይ ይሆናል ነው የምለው።

አሁን ወደ ዋናው ጭንቀቴ ልምጣ። እስከ ዛሬ በእጄ በገቡት ፕሮግራሞች ውስጥ የብርጭቆ፥ የመላእክት፥ የጠፈር መርከብ ስም የተሰጣቸውን ድምፆች አግኝቻለሁ፤ የበገና ድምፅ ግን አላገኘሁም። ይህ የሚያስወቅስ አይደለም፤ ሠሪዎቹ የሚያውቁትን ሠርተዋል። የበገናን ድምፅ መሥራት ያለበት በገናን የሚያውቅ ሰው ነው። በገና 10 አውታሮች አሉት፤ ያ ልብ የሚነካ ነዛሪ ድምፁ የሚመጣው በየአውታሩና በድልድዩ መካከል ከሚገባው እንዝራ ከሚባለው ትንሽ ቆዳ ነው። አውታሩ ሲርገበገብ ቆዳውን እየነካ ይነዝራል። ይህን ማንም ፕሪሴት በመምረጥ አያገኘውም።

እኔ በበኩሌ ሞክሬአለሁ። ብዙ ቀጫጭን እጥፎች ያሉትን ጠባብ የፐልስ ሞገድ ወስጄ፥ ድምፁ ሲመታ ብርሃኑ ዘግይቶ እንዲከስም አድርጌ፥ ጥቂት ተዛንፎ የተቃኘ ሁለተኛ ሞገድ ጨመርሁበት። ለአያቴ ባሰማቸው፥ «የንብ ቀፎ ነው እንጂ በገና አይደለም» ብለው ሳቁብኝ። ልክ ናቸው። ነገር ግን አሁን ምን እንደ ጎደለው ለመጠየቅ እችላለሁ። ባለፈው ዓመት ግን ጥያቄውን እንኳ አላውቀውም ነበር።

የቅኝትም ነገር እንዲሁ ነው። ፕሮግራሞቹ ሲከፈቱ ስምንት ድምፁን በ12 እኩል ክፍል ከፍለው ይጠብቁናል። የክራርና የበገና ቅኝት ግን በተጫዋቹ ጆሮ የሚስተካከል እንጂ በዚህ እኩል ክፍፍል የታሰረ አይደለም። ሰርጅ ኤክስ ቲ እና ቫይታል የተባሉት ፕሮግራሞች ሌላ ቅኝት በፋይል እንዲገባባቸው ይፈቅዳሉ። በሩ ክፍት ነው፤ የሚገባበት ሰው ግን መሠረቱን የተማረ መሆን አለበት። ሳንማር ከቀረን የአንቺ ሆዬን ዜማ በተዋሰነው ጉሮሮ እንድንዘምር እንገደዳለን።

ስለዚህ ለጓደኞቼና ለትምህርት ቤታችን አንድ አሳብ አቀርባለሁ። የሚኒ ሚዲያ ክበብና የሙዚቃ ክበብ ተባብረው፥ የኮምፒዩተሩ ክፍል በሳምንት አንድ ሰዓት ቢፈቀድልን፥ በየሳምንቱ አንድ ፕሪሴት እየመረጥን ብንፈታ መልካም ነው። ሰርጅ ኤክስ ቲና ዴክስድ ገንዘብ አይጠየቅባቸውም፤ ቫይታልም ያለ ክፍያ የሚሰጥ ዓይነት አለው። ኮምፒዩተሩ አንድ ቢሆን እንኳ አንዱ ሲያዞር ሌሎቹ ሰምተው በደብተራቸው ይጽፋሉ፤ ዋናው ትምህርት በጆሮ ነውና። በዓመቱ መጨረሻ ለድራማው የሚሆነውን ድምፅ እኛው ሠርተን እናቅርብ። ድምፁ ከፋብሪካው ያነሰ ቢሆን እንኳ መምህር «አሳጥሩልኝ» ሲሉን ለማሳጠር እንችላለን።

ለዚያ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪም ዕዳ አለብኝ። ወንድሜ ሆይ፥ ይህን ካነበብህ ባለፈው ዓመት ላቀረብህልኝ ጥያቄ መልሱ እነሆ፤ ያን ጊዜ ድምፁን አልሠራሁትም ነበር። ዛሬ ግን ሠርቼዋለሁ። ደብተሬን ይዤ እጠብቅሃለሁ፤ ና፥ አብረን እንፍታው።